የቀረችኝ አንዲት ጆሮ

በግራ ጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም። ሕፃን ሳለሁ ጠንቶብኝ የነበረው ትኩሳት ሲለቀኝ አንድ ጆሮዬን ይዞብኝ ሄደ ይሉኝ ነበር እናቴ። የማላውቀው ነገር ስለሆነ ናፍቆኝም አያውቅም። ሰው በግራዬ ከቆመ እዞራለሁ። ታክሲ ስሳፈር የግራውን ጥግ እይዛለሁ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ጠረጴዛዬን ከግራው ግድግዳ አስጠግቼ ተማሪዎቼን ሁሉ በቀኜ አደርጋቸዋለሁ። በዚህ ዘዴ ጎንደር አራዳ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል ልጆችን ፊደል ሳስቆጥር ፀጉሬ ሸበተ። አብዛኛው ሰው በአንድ ጆሮ ብቻ እንደምሰማ እንኳ አያውቅም ነበር።

ባለቤቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፤ እኔም ከተጋባን ጀምሮ ሌላ ስም አልጠራኋቸውም። ትውልዳቸው ጃናሞራ ነው። ዓይናቸው የጠፋው ገና ልጅ ሳሉ በፈንጣጣ ነው። ሌላው ተማሪ ከብራና የሚያነበውን እሳቸው ከሰው አፍ እየለቀሙ፣ ዳዊቱንም ድጓውንም በቃላቸው ይዘው፣ በመጨረሻ ጎንደር መጥተው ወንበር ተከሉ። አብረን ስንወጣ ቀኝ ክንዴን ይይዛሉ። እኔ መንገዱን አያለሁ፤ እሳቸው በጨዋታ መንገዱን ያሳጥሩታል። የጃናሞራን ብርድ፣ የተማሪ ቤት ረኀብን፣ የሞቱ መምህራንን ቀልድ፣ ሁሉን የማውቀው በዚያች በቀኝ ጆሮዬ በኩል ነው።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቆም አሉና፣

«የሺ፣ ምነው ሰሞኑን ሁለት ጊዜ ነው የምጠራሽ?» አሉኝ።

«ሐሳብ ይዞኝ ይሆናል።»

«ሐሳብስ አይደለም።»

እውነታቸውን ነበር። ጆሮዬ ውስጥ ንብ የገባ ይመስል ጢዝ ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ደረጃ ስወርድም ምድር የምትከዳኝ ጊዜ ነበር። ድካም ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ልጃችን ሰላም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። አባቷ ሹክ ብለዋት ኖሮ በማግሥቱ መጥታ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ምርመራው ምርመራ እየወለደ እስከ ኤም አር አይ ደረሰ። ውጤቱን የሰማነው ሐሙስ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዝግ ብሎ ይናገራል። ጆሮዬን ስለሚያውቅ ወንበሩን ስቦ በቀኜ በኩል ተቀመጠ።

«መምህርት፣ ከሁሉ በፊት ካንሰር አይደለም» አለኝ።

ሰላም «ተመስገን!» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«የቀኝ ጆሮዎ የመስሚያ ነርቭ ላይ የበቀለች ትንሽ እጢ ናት። ሽንብራ አታክልም። ወደ ሌላ ቦታ አትሰራጭም፤ ብታድግም ቀስ ብላ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኩት።

«ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ሳይነኩ መጠበቅ ነው፤ በየስድስት ወሩ ፎቶ እያነሣን እንከታተላታለን። ብዙ ሰው ላይ ለዓመታት ባለችበት ትቆያለች። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለዚያ አዲስ አበባ መሄድ አለብዎት። ሦስተኛው በጨረር ማምከን ነው፤ እሱ ግን ውጭ አገር ነው።»

የውጭውን ነገር ከዚያው ተውነው፤ አቅማችን እንደማይደርስ ሦስታችንም እናውቃለን።

«ብትወጣልኝ ጆሮዬ ይመለስልኛል?»

«የሄደው አይመለስም። የቀረውንም ቀዶ ሕክምናው ሊወስደው ይችላል፤ እጢዋ ያለችው ነርቩ ላይ ተጣብቃ ነው። ትንሽ ሳለች ከሆነ መስማቱን የማትረፍ ዕድል አለ። ካደገች በኋላ ያ ዕድል ይጠባል። ደግሞ የፊት ነርቭም በዚያው ነው የሚያልፈው፤ እሱ ከተነካ ፊት ሊጣመም ይችላል።»

«ብጠብቅስ?»

«ቢጠብቁም ጆሮው ሊደክም ይችላል። ዘንድሮ ይሁን ከዓመታት በኋላ አላውቅም። ሌላው ጆሮዎ ቢሰማ ኖሮ ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር። እርስዎ ግን ያለችዎት አንዲት ናት።»

ከዚያ አዲስ አበባ የሚያውቃቸው አንድ ቀዶ ሐኪም በሚቀጥለው ወር ቦታ ሊይዙልኝ ፈቃደኛ መሆናቸውን ነገረን። «እስከ ሰኞ አስባችሁ አሳውቁኝ። ይህን ያድርጉ ልልዎት አልችልም። ለእናቴም ቢሆን ይቸግረኝ ነበር።»

ሰላም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የኔታ ከደብራችን አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ኮቴዬን ሲሰሙ ተነሡና ክንዴን ያዙ።

«እህ?»

«ካንሰር አይደለም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ታዲያ ምነው ድምፅሽ እንዲህ ሆነ?»

እየሄድን ነገርኳቸው። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ፣ ምንም ሳላስቀር። ስጨርስ አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ክንዴን ጠበቅ አድርገው ከመያዝ በስተቀር እስከ ቤታችን ድረስ ቃል አልወጣቸውም። አብረን በኖርንበት ዘመን ያን መንገድ በዝምታ ስንሄደው ያ የመጀመሪያው ነበር። መንገዱ እንዴት ረጅም እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ቅዳሜ ሰላም ቤት ሄድን። ምሳ አቅርባ ነበር፤ የበላ ሰው አልነበረም።

«እማዬ፣ ትንሽ ሳለች ትውጣልሽ» አለችኝ። «ብትጠብቂ እኮ ጆሮሽን እያየሻት ነው የምታጪያት።»

«ቢቆርጡኝ ደግሞ በአንድ ቀን ላጣት ነው።»

«ወይ ደግሞ ልትተርፍልሽ ነው! ይህ ዕድል ያለሽ ዛሬ ነው። የዛሬ ዓመት ላይኖር ይችላል።»

«ሰላም፣ እናትሽን አታጣድፊያት» አሉ የኔታ።

ሰላም ወደ አባቷ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምፅዋ ግን ጠንካራ ነበር። «አባባ፣ እኔ ያስጨነቀኝ የእማዬ ጆሮ ብቻ አይደለም። እሷ መስማት ብታቆም እርስዎ በምን ያናግሯታል? ሌላ ሰው ቢሆን ይጽፍላት ነበር። በእጅ ምልክት እንዳትነጋገሩ እርስዎ ምልክቱን አይተው ሊማሩት አይችሉም። እሷ ለእርስዎ ትናገራለች፣ እርስዎ ይሰማሉ። የእርስዎ ቃል ግን በየት በኩል ወደ እሷ ይደርሳል?»

ሦስታችንም ልባችን ውስጥ የነበረውን ነገር ነው አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችው። የኔታ መጽሐፍ ሙሉ በቃላቸው ያውቃሉ እንጂ ጽፈው አያውቁም። ብሬል የሚባለውንም ያስተማራቸው አልነበረም።

ከዚያ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ መላ ስንፈልግ ዋልን። ሰላም ስልኳን አወጣች። የተናገሩትን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ነገር አለው፤ ኔትወርክ ካለ። ወደ አባቷ አፍ አስጠጋችላቸውና «ይናገሩ» አለቻቸው። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ልማዳቸው ግዕዝ እየጨመሩ፣ ለሰርክ ጸሎት መሄጃቸው እንደደረሰ ተናገሩ። ስልኩ የጻፈውን ሳነብላቸው አንድ ሰርግ የሚጠራና የበግ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ይመስላል። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ።

«የከንፈሬን እንቅስቃሴ እያየሽ ብትለምጅስ?» አሉኝ።

«ጢምዎ ከንፈርዎን ሸፍኖታል የኔታ።»

«እላጨዋለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልቀለዱም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምላጭ ያልነካውን ጢማቸውን በእጃቸው እየዳሰሱ ነበር። ሰላም ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ስትመለስ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ይዛ ነበር። «እስቲ እንሞክረው» አለች። ጆሮዬን በጥጥ ደፍና፣ ማዳመጫውን አጥልቃብኝ፣ የዶፍ ዝናብ ድምፅ ከፈተችብኝ። ከየኔታ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እሳቸው መናገር ጀመሩ። ጢማቸው ይነቃነቃል፣ ግንባራቸው ይኮማተራል፣ አንዴ ፈገግ አሉ፣ አንዴ ደግሞ አገጫቸው ተንቀጠቀጠ። ብዙ ተናገሩ። እኔ የሰማሁት ዝናብ ብቻ ነው። ማዳመጫውን አውልቄ ስጥለው ጉንጫቸው ረጥቦ ነበር።

«ምን አሉኝ?» አልኳቸው።

«አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም። ይድገሙልኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰላምን ብጠይቃት አባቷን አየት አድርጋ «እሳቸው ይንገሩሽ» አለችኝ። ያን ቀን የተናገሩትን እስከዛሬ አልነገሩኝም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ሰላም አልመጣችም፤ ሆን ብላ ለሁለታችን ትታልን ይመስለኛል። የኔታ፣

«ጆሮው ያንቺ ነው። ተቆረጪም አልልሽ፣ ጠብቂም አልልሽ» አሉ።

እጃቸው ጉልበቴ ላይ ነበር። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ የእጅ ልማድ ይሆናል። መዳፋቸውን ገልብጬ ሕፃናቱን እንደማደርገው በጣቴ ሳልኩበት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ተ።»

«ተ? ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው። ወደ ታች አንድ፣ ወደ ጎን አንድ።

«መስቀል ናት እንዴ!» አሉ። ፊታቸው በራ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራት መስቀል መሆኗን የነገረኝ የለም። ሌላ አምጪ።»

በ ሳልኩላቸው። «ይቺ በር ናት» አሉ። ዐ ሳልኩላቸው። «ቀለበት።» መ ስስል ሁለቱን ክብ አንድ በአንድ ተከትለው «እነዚህስ ተቃቅፈው የተኙ መንታ ልጆች ናቸው» ብለው ሳቁ። ፊደሎቹን በስማቸው፣ በተራቸው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ከኔ ይልቅ ጠንቅቀው ያውቋቸዋል። መልካቸውን ነበር የማያውቁት። እኔ ልጆችን በማስተማር ያረጀሁ ሴት፣ እቤቴ ላለው ሰው ይህን ሳላሳየው መኖሬ ገረመኝ።

«ሀ ላይ እንጀምር» አልኳቸው።

«የትኛዋ ሀ? ሃሌታው ነው፣ ሐመሩ ነው፣ ብዙኃኑ?»

«አንዷ ትበቃናለች የኔታ። ለኔ ሲጽፉልኝ በየትኛዋም አነበዋለሁ።»

«አይሆንም!» አሉ ተቆጥተው። «የሕይወትን ሐ በሃሌታው ሀ አልጽፍም። እንዲያውስ ዝም ብል ይሻላል።»

እንባዬና ሳቄ አንድ ላይ መጣ። «ሁሉንም አስተምርዎታለሁ» አልኳቸው።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ልጆቹ አንድ ዓመት ይፈጅባቸዋል።»

መዳፋቸውን ጨበጥ ዘርጋ አደረጉት። «እንግዲያው ጆሮሽን አንድ ዓመት ለምኚልኝ» አሉኝ።

ውሳኔው የተወሰነው እዚያ ነው። ፊደል የሚማር ሰው ይጠይቃል፣ ይሳሳታል፣ ይከራከራል፤ እኔ ደግሞ ጥያቄያቸውን ካልሰማሁ ላስተምራቸው አልችልም። ቀዶ ሕክምናው ያቺን ጆሮ ሊያተርፋት ይችል እንደነበር አውቃለሁ። በሚቀጥለው ወር ሊወስዳትም ይችል ነበር። እኔ የሚያስፈልገኝ ጊዜ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለሐኪሙ ደውዬ እንደምጠብቅ ነገርኩት። «ትክክል ነው ብዬ አልዋሽዎትም መምህርት፤ ስህተት ነውም አልልም። በስድስት ወር እንገናኝ» አለኝ። ለሰላምም ደውዬ ነገርኳት። «እሺ እማዬ» አለች።

ክረምቱን ሙሉ ተማርን። እኔ መዳፋቸው ላይ እስላለሁ፣ እሳቸው መዳፌ ላይ ይደግማሉ። ለ ትገለበጥባቸዋለች። ጸ እና ፀ ላይ ከአንድ ሳምንት በላይ ቆየን። ትጉ ተማሪ ናቸው፤ ትዕግሥት ግን የላቸውም፤ ሲሳሳቱ እጄን ትተው በቃል ይነግሩኛል። እኔም እፈቅድላቸዋለሁ። ያኔ ድምፃቸውን እጠግባለሁ ብዬ ሆን ብዬ አዳምጥ ነበር። ድምፅ አይጠገብም፤ አይቀመጥምም።

ኅዳር ላይ ፎቶ ተነሣሁ። አላደገችም። ሰላም አቅፋኝ «አንቺ ነሽ ልክ» አለችኝ። ለገና የኔታ መዳፌ ላይ የመጀመሪያውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ በጉ ወፍራም መሆኑን የሚናገር ነበር። እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው ቀኑን ሙሉ ላገኙት እንግዳ ሁሉ ሲያወሩ ዋሉ።

ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ግቢው ውስጥ ያለውን ቧንቧ ከፈትኩ። ውኃው ሲወርድ አየዋለሁ፤ ባልዲው ሲሞላ አየዋለሁ። ድምፅ የለውም። ባልዲው ሞልቶ እግሬ ላይ ፈሰሰ፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። ዞር ስል የኔታ በሩ ላይ ቆመው ጢማቸው ይነቃነቃል።

«የኔታ፣ አልሰማም» አልኩ። የራሴንም ድምፅ አልሰማሁትም።

ጮኼ ይሁን በሹክሹክታ አላውቅም። እሳቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ በውኃው ውስጥ እየረገጡ መጡ። ክንዴን አገኙ፣ ከክንዴ ወደ እጄ ወረዱ። በጣታቸው መዳፌ ላይ ጻፉ። ለ ተገልብጣባቸው ነበር፤ ግን አነበብኩት።

አለሁ።

ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠኝ፣ ጆሮዬ ውስጥም መርፌ ወጋኝ። ሳምንታት ጠበቅን። ምንም አልተመለሰም። አዲሱን ፎቶ አይቶ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ «እጢዋ አላደገችም። አንዳንዴ ሳታድግም እንዲህ ታደርጋለች። አዝናለሁ።» ሰላምን «ያኔ ቢቆርጡኝ ኖሮ?» ብዬ ጠየቅኋት። እንደማታውቅ ራሷን ነቅንቃ ነገረችኝ። ያንን ጥያቄ ዳግመኛ አላነሣሁባትም፤ እሷም አላነሣችብኝም። ክፍሌን ለሌላ መምህርት አስረክቤ ወጣሁ። ልጆቹ ሲሰናበቱኝ አፋቸውን በአንድነት ከፍተው ዘጉ።

ይህን የምታነቡ፣ ጠብቁ እያልኳችሁ አይደለም። ተቆረጡም አልላችሁም። የእናንተ እጢ፣ የእናንተ ጆሮ፣ እቤታችሁ የሚጠብቃችሁ ሰው ከኔ ይለያል። እኔ ራሴ አንዳንድ ቀን ይቆጨኛል፤ አዲስ አበባ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እሰማ ይሆን እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ያ ዓመት ባይኖረን ኖሮ እኔና የኔታ በአንድ ቤት ውስጥ ምን ያህል እንራራቅ እንደነበር አስቤ እፈራለሁ። ሁለቱም ስሜት እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አላሸነፈውም። ከመወሰኔ በፊት ትክክለኛው መልስ የሆነ ቦታ ተቀምጦ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም። የወሰንኩት በማላውቀው ነገር ላይ ነው፤ የምኖረውም ከዚያው ጋር ነው።

አሁን የምንነጋገረው እንዲህ ነው፤ እኔ በአፌ እናገራለሁ፣ እሳቸው መዳፌ ላይ ይጽፋሉ። እያንዳንዷ ፊደል ድካም ስለሆነች ቃላቸው አጥሯል። «ብርድ ነው።» «ቆቡን።» «ሰላም መጣች።» ሲጽፉ ይሰለቻሉ፣ ይተዉታልም። የሞቱ መምህራን ቀልድ መዳፍ ላይ አይጻፍም።

ባለፈው የደብራችን ንግሥ ዕለት እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ነበር። የኔታ ለቅኔ ሲነሡ አየሁ። ራሳቸውን ቀና አድርገው ተናገሩ። በዙሪያቸው ያሉት ሊቃውንት መጀመሪያ ጸጥ ብለው ሰሙ፤ ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ወዘወዘ፤ ወዲያው ሁሉም በአንድ ጊዜ እጃቸውን አንሥተው ሲያደንቁ አየሁ። አጠገቤ የነበረችው ሴት እንባዋን ጠረገች። ግዕዝ የምታውቅ ሴት አይደለችም፤ ድምፃቸው ነው ያስለቀሳት።

እቤት ስንገባ እጄን ዘርግቼላቸው «የዛሬው ቅኔ ምን ይላል?» አልኳቸው።

መዳፌን ተቀብለው አንድ ፊደል ጻፉ። ሁለተኛ ጻፉ። ሦስተኛዋን ጀምረው ቆሙ። ጣታቸው መዳፌ ላይ እንዳለ ብዙ አሰቡ። ከዚያ የጻፉትን እንደ መደምሰስ በእጃቸው ጠራርገው፣ ቀስ ብለው፣ አንዲትም ሳይሳሳቱ፣ «ረዥም ነው» ብለው ጻፉልኝ።

ጣቶቼንም አንድ በአንድ አጥፈው መዳፌን ዘጉት።